በጨረቃ አቧራ የተያዘች በቅሎ

በአራዳ ሰዎች አንደበት ሲነገር የኖረው የአቶ ወልደሥላሴ ታሪክ ሁለት ስሕተቶች አሉበት። አንደኛው በቅሎዋ ተሸጠች የሚለው ነው፤ አልተሸጠችም። ሁለተኛው አቶ ወልደሥላሴ ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱን ክደው ነበር የሚለው ነው፤ አልካዱም። እንዲያውም ሰው አንድ ቀን ጨረቃ ላይ እንደሚደርስ በሰፈሩ ከማንም ቀድመው ያመኑ እርሳቸው ነበሩ። የተከራከሩት ከደረሰ በኋላ ስለሚያገኘው ነገር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሰውየው የኖሩት እንዲህ ባለው ትንሽ ልዩነት ስለሆነ ተለይቶ መጻፍ ይገባዋል።

አቶ ወልደሥላሴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ጠላት ከወጣ ማግስት ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውን ሙግት ተሟግተዋል። ኩታቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ወደ ባላጋራው ዘርግተው «ተጠየቅ» ሲሉ ተከሳሹ ያላደረገውን ጭምር ማስታወስ ይጀምር ነበር ይባላል። ስንት ሙግት እንደተረቱ የጠየቃቸው ሰው «ዳኛው የተሳሳተባቸው አሥራ አንድ ናቸው» የሚል መልስ አግኝቷል።

ወደ ችሎት የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የገዟት ዳማ በቅሎ ነበረቻቸው፤ ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ባለው ግቢያቸው ጋጣ ተሠርቶላት ትኖራለች። ፒያሳ በመኪና ከተሞላ በኋላም በቅሎዋን አልተዉም። የትራፊክ ፖሊስ ሁለት ጊዜ አስቁሟቸው፣ በቅሎ በግራ ትሂድ የሚል አዋጅ እንዲያሳያቸው ጠይቀውት ሁለቱንም ጊዜ አሳልፏቸዋል።

ከዚያ አዲሶቹ የሕግ መጻሕፍት በአንቀጽ ተቆጥረው ወጡ። በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አቶ ወልደሥላሴ አንድ የርስት ጉዳይ ይዘው ቀርበው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተናገሩ በኋላ፣ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣው ወጣት ዳኛ «በየትኛው አንቀጽ ነው?» ሲል ጠየቃቸው። አቶ ወልደሥላሴ ጥያቄውን ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት። ከዚያም እጅ ነሥተው ወጡ፤ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው ቤታቸው ገቡ፤ ወደ ችሎትም አልተመለሱም።

የሙግት ችሎታቸው ግን አብሮ አልቀረም። በግቢው ውስጥ የሚሟገታቸው ሰው ስላልነበረ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋች ወጡ የቀጠነበትን ምክንያት በሦስት ምስክር እንዲያስረዱ ይጠየቁ ጀመር። ወይዘሮ አሰፋች ይህን ለሁለት ወር ታገሡ። በሦስተኛው ወር ባላቸውን ሽንኩርት እንዲገዙ ወደ አትክልት ተራ ላኳቸው።

በዚያ ዘመን የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ከየመሥሪያ ቤቱና ከየኤምባሲው የሚጣለውን የውጭ አገር መጽሔት በኪሎ ገዝተው፣ ቅጠል በቅጠል እየገነጠሉ ዕቃ ይጠቀልሉበት ነበር። ሽንኩርቱ የተጠቀለለበት ቅጠል ሥዕል ነበረበት። አቶ ወልደሥላሴም ሥዕሉን አይተው ቅጠሉን ለተከራያቸው ለወይዘሪት ምብራት ወሰዱላት። ምብራት ከመቀሌ የመጣች፣ በአምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር ሴት ናት። ቅጠሉን አነበበችው፤ ስለ ዓለም አፈጣጠር ነበር። አንዱ የሊቃውንት ወገን ዓለም መጀመሪያ አላት ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ሁልጊዜ እንዲሁ ነበረች ይላል።

«ከሳሹ ማነው?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ።

«ጋሼ፣ እዚህ ከሳሽ የለም።»

«ክርክር አለ አላልሽም?»

«አለ።»

«ክርክር ካለ ከሳሽ አለ። ምስክሩን አንብቢልኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቅዳሜው ሽንኩርት ይገዛል፤ በየቅዳሜው ማታ ቅጠሉ ይነበባል። አቶ ወልደሥላሴ እያንዳንዱን ክርክር ከሰሙ በኋላ አንዱን ወገን እንደ ደንበኛ ይይዛሉ፤ የያዙትንም አይለቁም። አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ጥንት አንድ መሬት ነበሩ፣ ኋላ ተለያይተው ተንሸራተቱ የሚለው ክርክር ሲነበብላቸው ግን ወዲያው የተቃዋሚውን ወገን ያዙ። ሃያ ሁለት ዓመት የወሰን ክርክር ሲከራከሩ ኖረው፣ መሬት በራሱ ጊዜ ይሄዳል ለሚል ወገን ጥብቅና መቆም እንደማይቻላቸው ለምብራት አስረዷት።

የጨረቃው ቅጠል የመጣው በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ነው። አንድ የታወቀ ሊቅ እንደሚለው የጨረቃ ፊት ከጥንት ጀምሮ በፀሐይ ጨረርና ከሰማይ በሚወርድ ድንጋይ ሲፈጭ ስለኖረ፣ ዝቅተኛው ስፍራ ሁሉ እጅግ በላመ አቧራ ተሞልቷል። የአቧራውም ጥልቀት ብዙ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ የሚያርፍ መንኮራኩር ከነሰዎቹ ሊሰምጥ ይችላል። ጽሑፉ ቀጥሎ «ነገር ግን ሌሎች ሊቃውንት» ይልና ቅጠሉ ያልቃል።

«ሌሎቹ ምን አሉ?» አሉ።

«የሚቀጥለው ቅጠል ላይ ነው፤ የለንም» አለች ምብራት።

«ካልቀረቡ አልተከራከሩም» አሉና ባለ አቧራውን ሊቅ ያዙ።

ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ አቶ ወልደሥላሴ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡበት ሻይ ቤት ነበረ። በአጠገቡ አቶ ሲራጅ የሚባሉ የስልጤ ሰው ሚስማር፣ ቀለምና ሲሚንቶ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። አቶ ሲራጅ ከአቶ ወልደሥላሴ በሃያ ዓመት ያህል ያንሳሉ። ገበያ ሲቀዘቅዝ መጥተው ባንኮኒውን ተደግፈው የአቶ ወልደሥላሴን የሳምንት ወሬ ይሰማሉ። በኅዳር መጀመሪያ ላይ የሰሙት ግን አልተዋጠላቸውም።

«በምንድነው የሚሰምጠው? ውኃ አለ እንዴ?» አሉ አቶ ሲራጅ።

«በአቧራ።»

«አቧራውን ማን አመጣው? አውቶቡስ አይሄድበት።»

«ድንጋዩ ተፈጭቶ ነው። ስንት ዘመን ሲፈጭ የኖረ፣ ከዱቄት የላመ ነው።»

«ይፈጭ። እኔ የሲሚንቶ ነጋዴ ነኝ፤ ከሲሚንቶ የላመ አቧራ አላየሁም። ሃያ ከረጢት ደራርቤ ስከምር የታችኛው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ? ድንጋይ ነው የሚሆነው። ዝሆን ያቁሙበት፣ አይሰምጥም።»

«እርጥበት አግኝቶት ነው። ጨረቃ ላይ እርጥበት የለም።»

«ክብደቱ ጠቅጥቆት ነው።»

«እርጥበቱ ነው።»

«አቶ ወልደሥላሴ፣ ሲሚንቶውን የምሸጠው እኔ፣ ጠባዩን የሚያውቁት እርስዎ?»

በሻይ ቤቱ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። አቶ ወልደሥላሴ አልሳቁም። ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ኩታቸውን አጣፉ፤ ከዘራቸውንም ዘረጉ።

«ተጠየቅ፣ ሲራጅ። ጨረቃ ላይ ያረፈ ሰው በአቧራ ይሰምጣል። በቅሎ እሰጥ።»

በቀድሞው ሙግት ተሟጋች በነገሩ መተማመኑን ለማሳየት ማር፣ ፈረስ ወይም በቅሎ እሰጥ ብሎ ይወራረዳል፤ ባላጋራው የማይፈራ ከሆነ «አገባ» ብሎ በዚያው መጠን ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በቅሎ የላቸውም። አቶ ወልደሥላሴ ግን ነበራቸው፤ ይህንንም ያስታወሱት ከተናገሩ በኋላ ነው። አቶ ሲራጅም ሙግት እያዩ ያደጉ ሰው ስለነበሩ ሥርዓቱ አልጠፋቸውም።

«አገባ። በቅሎ የለኝም፤ ከተረታሁ ገዝቼ እሰጣለሁ» አሉ።

በመስኮቱ አጠገብ አቶ አስገዶም ሻያቸውን ይጠጡ ነበር። በቴሌግራፍ ሥራ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ፣ ቃል ማባከን የማይወዱ ጡረተኛ ናቸው። አቶ ወልደሥላሴ ወደ እርሳቸው ዞረው «በንጉሥ አምላክ፣ ይዳኙን» አሏቸው። እንዲህ የተባለ ሰው መንገደኛም ቢሆን እምቢ አይልም። አቶ አስገዶም ብርጭቋቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ስንት ይሰምጣል?»

«እንዴት ስንት?»

«ልኩን ይንገሩኝ። ቁርጭምጭሚት ነው? ጉልበት ነው? ልክ የሌለው ነገር አልዳኝም።»

አቶ ወልደሥላሴ በከዘራቸው ጉልበታቸውን ነኩ። «ጉልበት። ከጉልበት ካነሰ ተረትቻለሁ።»

አቶ አስገዶም ይህንኑ ከኪሳቸው ባወጡት የቴሌግራም ቅጽ ላይ ጻፉ፤ ከልማድ የተነሣ ቃላቱን ቆጠሩ፤ ሁለቱን ትርፍ ናቸው ብለው ሰረዙ፤ ወረቀቱንም አጥፈው ያዙት።

አቶ ወልደሥላሴ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው ለዚህ ታሪክ ምክንያት የሆነው። ባላጋራቸው ምን ምስክር ሊያመጣ እንደሚችል አስቀድመው ማወቅ ልማዳቸው ስለነበረ፣ የጎደለውን ቅጠል ለማግኘት ቆረጡ። መጽሔቱን የገነጠለው ነጋዴ ያው ነው፤ ቅጠሉ ካልተሸጠ እዚያው አለ። በሚቀጥለው ሳምንት በሦስት ቀን ሦስት ጊዜ ሽንኩርት ገዙ። ከዚያ በሚቀጥለው ቲማቲም ጨመሩ። ወይዘሮ አሰፋች ጓዳቸውን ተመልክተው «ይህ ሁሉ ለማን ድግስ ነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ «ለሙግት ነው» የሚል መልስ አገኙ። በአራተኛው ሳምንት በግማሽ ኪሎ ቃሪያ ላይ ተጠቅልሎ ቅጠሉ መጣ።

ምብራት አነበበችው። ሌሎቹ ሊቃውንት ባለ አቧራውን ሊቅ ሲቃወሙት፣ አየር በሌለበት ስፍራ የላመ ነገር እርስ በርሱ ይጣበቃል እንጂ እንደ ውኃ አይፈስስም ይላሉ። ከምድር ተልኮ ጨረቃን ነክቶ የተመለሰው የራዳር ሞገድም መሬቱ ሰው ለመሸከም የሚበቃ መሆኑን ያመለክታል ብለው ጽፈዋል። እርግጡ የሚታወቀው ግን ተሂዶ ሲታይ ነው ይላል የጽሑፉ መጨረሻ።

አቶ ወልደሥላሴ ቅጠሉን ተቀበሏት፤ በአራት አጠፉት፤ በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ ከተቱት።

«ለአቶ ሲራጅ አያሳዩአቸውም?» አለች ምብራት።

«ያንቺ ሥራ ማንበብ ነው። ማቅረብና አለማቅረብ የእኔ ነው።»

«አሁን ግን አውቀዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«የማውቀውን ሁሉ ለባላጋራ የምናገር ብሆን ነገረ ፈጅ ሳይሆን አዋጅ ነጋሪ እሆን ነበር።»

ምብራት ከዚያ ቀን በኋላ ቅጠል ስታነብላቸው ከወረቀቱ ቀና አትልም ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። በጥር 1958 ዓ.ም. የሩሲያ መሣሪያ ጨረቃ ላይ አረፈ፤ ሳይሰምጥም ሥዕል ላከ። አቶ ሲራጅ ዜናውን በሬዲዮ እንደሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ሻይ ቤት ገቡ፤ ችሎቱም ተሰየመ። አቶ ወልደሥላሴ የተከራከሩት እንዲህ ብለው ነው፦ ክሱ ስለ ሰው እንጂ ስለ ዕቃ አይደለም፤ ዕቃው ጉልበት የለውም፤ ጉልበት የሌለው ነገር እስከ ጉልበቱ መስመጡና አለመስመጡ ሊለካ አይችልም፤ ስለዚህ ቀጠሮ ይሰጥልኝ። አቶ አስገዶም የቴሌግራሙን ቅጽ አውጥተው አነበቡና ሰው እንደሚል አረጋገጡ።

«ቀጠሮ ተሰጥቷል።»

«እስከ መቼ?» አሉ አቶ ሲራጅ።

«ሰው እስኪያርፍ።»

ከዚህ በኋላ አቶ ሲራጅ አንድ ልማድ አበጁ። አቶ ወልደሥላሴ በየወሩ በጊዮርጊስ ዕለት በበቅሏቸው ሆነው በሱቁ ፊት ሲያልፉ አቶ ሲራጅ ወደ በሩ ብቅ ይሉና «የእኔ በቅሎ እንዴት አደረች?» ይላሉ። አቶ ወልደሥላሴ አይመልሱም። ቤታቸው ሲደርሱ ግን ጋጣው በር ላይ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማሉ፤ የበቅሎዋን ጆሮ ይዳስሳሉ፤ ኮቴዋን እያነሡ ያያሉ። ወይዘሮ አሰፋች እንደሚሉት ከችሎት የቀረላቸው ይህች በቅሎ ብቻ ነበረች፤ ኩታው እንኳ በሁለት ቦታ ተጥፎ ነበር። ይህችንም ካጡ ማን እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው በመንገድ ላይ አያገኙም።

ሰኞ ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ንጋት ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፤ አንቴናው ላይ ሽቦ ተቀጥሎበት በመስኮት ወጥቷል። ሽቦውን ያዋሱት አቶ ሲራጅ ናቸው። ሰዎቹ ጨረቃ ላይ ካረፉ ሰባት ሰዓት ሊሆናቸው ነበር፤ ነገር ግን ገና አልወረዱም። አቶ አስገዶም ማረፍና መርገጥ የተለያዩ መሆናቸውን ገልጸው ፍርዱን አቆይተዋል። ምብራት በሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣ የእንግሊዝኛውን ወሬ ታስተረጉማለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እጇን አነሣች።

«መሰላሉ ላይ ነው።» ቀጥላም «መሬቱ የላመ ነው ይላል። እንደ ዱቄት ነው።»

አቶ ወልደሥላሴ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«የመንኮራኩሩ እግር ግን ብዙ አልገባም ይላል።» ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች። ከዚያም «ወረደ» አለች።

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይሰማል።

«እግሩ ይገባል ይላል። ትንሽ። የአንድ ኢንች ስምንተኛ ያህል።»

አቶ ሲራጅ ከኪሳቸው ሜትራቸውን አወጡ፤ ኢንቹን ፈልገው ስምንተኛውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያዙና ለአቶ አስገዶም አሳዩ። አቶ አስገዶም መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱ። ከዚያም የቴሌግራሙን ቅጽ ዘረጉ።

«አቶ ወልደሥላሴ፣ የሚሉት አለ?»

አቶ ወልደሥላሴ ተነሡ። በዚያ ጠዋት የተናገሩትን የሰሙ ሰዎች ከንግግራቸው ሁሉ የበለጠው ይህ ነበር ይላሉ። ጨረቃ ሰፊ ናት፤ ሰውየው የረገጠው አንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ፒያሳ አስፋልት ላይ የቆመ ሰው በክረምት አትክልት ተራ ጭቃ የለም ብሎ ቢመሰክር ምስክርነቱ ይያዝለታል? አቧራው መኖሩ በሰውየው በራሱ ቃል ተረጋግጧል፤ የቀረው ጥልቅ የሆነበትን ስፍራ ማግኘት ነው፤ ስለዚህ ሌላው ስፍራ እስኪረገጥ ድረስ ቀጠሮ ይሰጥልኝ አሉ።

አቶ አስገዶም አገጫቸውን ዳሰሱ። «ነገሩ የሚያስኬድ ነው» አሉ።

አቶ ሲራጅም «ይሰጣቸው፤ ይሰጣቸው» አሉ። «በቅሎዋን የት አስራታለሁ? ሱቁ እኔንም አልበቃኝ።»

ቀጠሮው ሊሰጥ ነበር። አቶ ወልደሥላሴ ወደ ምብራት ተመለከቱ፤ የሻይ ብርጭቋዋን እያየች ነበር። ቀና አላለችም።

«ከመወሰንዎ በፊት ደርሼ ልመለስ» አሉ አቶ ወልደሥላሴ። ከዘራቸውን ይዘው በዝናቡ ወጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲመለሱ ኩታቸው ርሶ በትከሻቸው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ በእጃቸው የዳዊት ማኅደር ይዘዋል። ከውስጡም በአራት የታጠፈ፣ የቃሪያ እድፍ ያለበት ቅጠል አውጥተው በአቶ አስገዶም ፊት አኖሩት።

«ይህ የሲራጅ ምስክር ነው። ሲራጅ አላወቀውም፤ እኔ ከኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ሸሽጌው ነበር። ይነበብ።»

ምብራት አነበበች። ስትጨርስ አቶ ሲራጅ «ይህን ሁሉ ዘመን?» አሉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን።»

«አሁን ስለምን አመጡት? ቀጠሮው ሊሰጥዎት ነበር እኮ።»

አቶ ወልደሥላሴ ማኅደሩን ዘጉ። «ለደንበኛዬ ብዬ ነው የሸሸግሁት። ሰው ደንበኛውን ጥሎ አይሄድም። ዳሩ ግን ደንበኛዬ አያውቀኝም። ዛሬ ይህንኑ ወሬ እርሱም ሰምቶታል፤ ሊቅ ከሆነ ይህን ጊዜ ደብተሩን እያረመ ይሆናል። እኔ ብቻዬን በማላውቀው ሰው ስም ቆሜ ቀርቻለሁ።» ከዚያም ወደ ዳኛው ዞረው እጅ ነሡ። «ከጉልበት አንሷል። ተረትቻለሁ።»

በስማቸው የተመዘገበው የተረቱት ሙግት ቁጥር አሥራ ሁለት ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ዳኛው አልተሳሳተም፤ ይህን ያሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ በቅሎዋን ከነኮርቻዋ አሰናድተው፣ ልጓሟን ይዘው በእግራቸው ወደ አቶ ሲራጅ ሱቅ ወሰዷት። አቶ ሲራጅ ሚስማር ይመዝኑ ነበር። በቅሎዋን አዩ፤ ሱቃቸውን አዩ፤ ከሲሚንቶው ክምር እስከ በሩ ያለው ቦታ ሁለት ክንድ ይሆናል።

«አቶ ወልደሥላሴ፣ ይመልሷት፤ ቀልድ ነበር።»

«በዳኛ ፊት ቀልድ የለም።»

«እንግዲያው በአደራ ያኑሩልኝ። ጋጣ እስካገኝ።»

አቶ ወልደሥላሴ ይህን መዘኑት። አደራ ሕጋዊ ነገር ነው። «በአደራ እቀበላለሁ» አሉና በቅሎዋን ይዘው ተመለሱ።

አቶ ሲራጅ ጋጣ አላገኙም፤ እንደፈለጉም የሚያስረዳ ማስረጃ የለም። በቅሎዋ በቀድሞው ጋጣዋ እየበላች እስከ 1965 ዓ.ም. ኖረች። አቶ ወልደሥላሴ የቅዳሜውን ንባብ አልተዉም፤ ምብራትም ስታነብ ቀና ማለት ጀመረች። አንድ ቀን የመሬቱን መንሸራተት የሚያስረዳ አዲስ ማስረጃ ከባሕር ወለል ተገኘ የሚል ቅጠል በመጣ ጊዜ፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅም «የሚቀጥለው ቅጠል እስኪመጣ እንቆይ» አሉ።

በየወሩ በጊዮርጊስ ዕለት በቅሎዋን አውጥተው በሱቁ ፊት ያልፋሉ። አቶ ሲራጅ ብቅ ብለው «በቅሎዋ እንዴት አደረች?» ይላሉ።

«በቅሎህ ደኅና አድራለች፤ ገብስ ቀንሳለች» ይላሉ አቶ ወልደሥላሴ።

ልጓሟን ይዘው ከፊቷ በእግራቸው ይሄዳሉ። ኮርቻው ባዶ ነው። በክረምቱ መጀመሪያ አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድ ወይዘሮ አሰፋች ከግቢው በር ላይ ሆነው «በቅሎ እያለች ምነው በእግርዎ?» ብለው ጮኹባቸው።

«ፍርድ አለ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።